ሞቃቱ ቦይ

ጀነራሏ የሚለውን ስም ያወጣላት የድንች ፋብሪካው ዘበኛ ነው። የመንደሩን ሴቶች አስከትላ፣ በቢጫ ጀሪካን የገማ የጉድጓድ ውሃ ተሸክማ በሩ ላይ የቆመች ቀን፣ ዘበኛው ስልኩን አንስቶ ለሥራ አስኪያጁ «ጌታዬ፣ አንዲት ጀነራል ጦሯን ይዛ መጥታለች፤ ምን ልበላት?» አለ። ሴቶቹ ሰሙትና በሳቅ ፈረሱ። ስሙም በዚያው ተለጠፈ። ዛሬ ባሏ ሳይቀር ከማሳ ሲመለስ «ጀነራሏ የት ሄደች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ በፊት የምትታወቀው በእጇ ነበር። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ሲገባ ውርጭ የማይጎበኘው ማሳ የለም። ማታ አረንጓዴ ሆኖ የተሰናበቱት የቲማቲም ችግኝ ጠዋት የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ይገኛል። የእሷ መደቦች ግን ደህና ናቸው። ውርጩ የጎረቤቱን ሁሉ አጭዶ አጭዶ እሷ ጓሮ ሲደርስ ዓይኑ እንደተጋረደ ያልፋታል። ስለዚህ ቲማቲምም ሆነ ቃሪያ መትከል የፈለገ ሁሉ ችግኝ የሚወስደው ከእሷ ነበር። «እጇ ነው» ይላሉ ሴቶቹ፣ «እሷ የነካችው ድንጋይም ይበቅላል።» እሷም «ኧረ እናንተ ደግሞ፣ አታሳፍሩኝ!» ትላለች። ውስጥ ውስጡን ግን አምናዋለች። ጠዋት ጠዋት ችግኞቿን እየዞረች ታናግራቸዋለች፤ የሰነፈውን ትቆጣለች፣ የፈጠነውን ታወድሳለች፤ ባሏም ከበር ላይ ሆኖ እያያት ራሱን ይነቀንቃል።

ፋብሪካው ከማሳዋ በላይ ጉብታው ላይ ነው። የገበሬውን ድንች ገዝቶ ያጥባል፣ ይልጣል፣ ይቀቅላል፣ አድርቆም ዱቄት ያደርገዋል። ድንቹ የታጠበበትና የተቀቀለበት ውሃ በቦይ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ቦዩ የእሷን የችግኝ መደቦች ታክኮ ያልፍና ታች ረባዳው ላይ ሄዶ ይተኛል። አረፋ የደፈቀ፣ እንደ ከረመ ሊጥ የሚሸት ውሃ ነበር። ጀነራሏ የሻሿን ጫፍ በአፍንጫዋ ላይ ይዛ በአጠገቡ ማለፍ ለምዳ ነበር፤ የሰው ልጅ የማይለምደው ነገር የለም።

ረባዳው ላይ የምትኖረው ግን የልብ ጓደኛዋ ናት፤ የአካባቢው አዋላጅ። ሁለቱ በአንድ ቀን ተድረው፣ በአንድ ሳምንት አርግዘው፣ እየተጣሉና እየታረቁ አብረው ያረጁ ናቸው። የአዋላጇ ጉድጓድ ውሃ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ሸተተ፣ በኋላም ፍየሎቹ እንኳ አሽትተው ፊታቸውን የሚያዞሩበት ሆነ። አንድ ቀን አዋላጇ ከምጥ ቤት ደክማ መጥታ እጇን የምትታጠብበት ውሃ ስታጣና እንባዋ ሲመጣ ጀነራሏ አየች። የዚያን ዕለት ነው ጀሪካኑን የሞላችው።

ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው። በር ላይ ሲመጣ አንድ ኩባያ ቀዳችለት።

«ይጠጡ!» አለችው።

አሸተተና ፊቱ ተኮማተረ። «እናቴ፣ ይሄንንስ አልጠጣውም።»

«እንግዲያው እሷም አትጠጣም!»

እሱም ሰው ነበርና ሰማት። ፋብሪካው ከጀርባው፣ በጉብታው ማዶ ትልቅ ኩሬ አስቆፈረ፤ ውሃውም በቱቦ ወደዚያ ዞረ፤ ቦዩም ተዘጋ። ቱቦውን የበየደው የገዛ አማቿ ነው፤ የልጇ ባል፣ የፋብሪካው ቦይለር ሠራተኛ። «እማማ፣ በዚህ እጄ ነው የበየድኩት፤ ወደ እናንተ አንዲት ጠብታ አታልፍም» ብሎ የተቃጠለ ጣቱን አሳያት። ሴቶቹ እልል አሉ። አዋላጇ የጉድጓዷን ውሃ ደጋግማ አስቀድታ አስደፋች፤ ዝናቡም ሲመጣ አጠበው፤ ቀስ በቀስም ጠራ። የጀነራሏ ዝና ሰማይ ነካ።

ብርዱ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ከፍታ ስትወጣ ሣሩ ነጭ ለብሶ ከጫማዋ ሥር ተንኮሻኮሸ። አልደነገጠችም፤ ውርጭ ለእሷ ምኗ ነው? ሻሿን እያሰረች ወደ ጓሮ ዞረች። መደቦቹ ጥቁር ነበሩ።

ቆማ ቀረች። የሌላ ሰው ጓሮ የገባች መሰላት፤ ዞር ብላ ቤቷን አየች፤ ቤቱ የእሷው ነው። ጎንበስ ብላ አንዷን ችግኝ በጣቶቿ ያዘቻት፤ እጇ ላይ ልፍስፍስ አለች። «ምን ሆናችሁ?» አለቻቸው፣ እንደ ልማዷ። ከዚያ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ጆሮዋን አዘነበለች።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ችግኝ ፈላጊ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ። እንደ ወትሮው እየተንጫጩ ገቡና መደቡን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። አንዷ ቅርጫቷን ከኋላዋ ደበቀች፤ ለቅሶ ቤት ዕቃ ይዛ የገባች ይመስል።

ከዚያ በኋላ ወሬ ተነሣ። አንዳንዱ ዓይን በልቷት ነው አለ። አንዳንዱ ፋብሪካው ቂም ይዞ በንፋስ መድኃኒት ረጭቶባት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ስሟ ገንኖ ልቧ ስላበጠ ነው አለ። ጀነራሏ ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት መሰላት።

አማቿ ከሥራ ሲወጣ መጣና መደቡን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። መናገር ፈልጎ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ምንድን ነው? ተናገር እንጂ፣ ልጄ።»

«እማማ… ውሃው እኮ ሞቃት ነበር።»

«የቱ ውሃ?»

«የቦዩ። ከቦይለር ቤት ሲወጣ ያቃጥላል። እዚህ እስኪደርስ ለብ ይላል። በብርድ ጊዜ ይጨስ አልነበር? እንፋሎቱ መደቡ ላይ ይተኛ ነበር እኮ።»

ጀነራሏ አየችው። ከዚያ ደረቁን ቦይ አየች። ከዚያ እጇን። ነገሩ ዞረባት።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔስ መች አሰብኩት? እኔም እንደ ሰው እጅዎ ነው ስል ነበር።»

ማታ እራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። ባሏ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ሲጠይቁት መጀመሪያ ጎርሶ፣ አላምጦ፣ ውጦ ነው።

«ፋብሪካው ሳይመጣ ውርጭ ችግኜን አቃጥሎት ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«መቼ?»

«ቀዩ በሬ የሞተ ዓመት።»

«ቀዩ በሬ የሞተው ፋብሪካው ከመጣ በኋላ ነው!»

«በፊት ነው።»

«በኋላ ነው እንጂ! ቆዳውን የገዛን የፋብሪካው ሹፌር አልነበር?»

ባሏ አሰበ። «እሱ ጥቁሩ በሬ ነው» አለና ወደ ጉርሻው ተመለሰ።

ልጇን ጠየቀች። «እማዬ፣ አንዴ ተቃጥሎብሽ አልቅሰሻል፤ እኔ ትንሽ ነበርኩ» አለቻት። ምን እንደተቃጠለ ግን አታስታውስም፤ ቲማቲም ይሁን ድንች፣ ወይስ የአያቷ እርሻ ላይ የነበረው ባቄላ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ «ኧረ የአዋላጇ ልጅ በተዳረች ዓመት ያንቺ ብቻ ነው የተረፈው፤ ያኔ ምን ፋብሪካ ነበር?» ብላ ማለች። ሌላዋ ወዲያው ከአፏ ነጠቀቻት፦ «ነበር እንጂ! የሠርጉን ወንበር የተዋስነው ከፋብሪካው አይደል?» «ወንበሩማ ነበር፤ ማሽኑ ግን ገና አልተተከለም።» «ታዲያ ያ ሁሉ ጭስ ከየት ይመጣ ነበር?» ሁለቱ ተያይዘው ሲከራከሩ ጀነራሏ ትታቸው ወጣች። የኖረችበትን ዕድሜ ከሰው እየለመነች መሆኗ ገረማት። እሷ ራሷ ስታስታውስ ሁሉም ጠዋቶች አንድ ሆነውባታል፤ መደቡ አረንጓዴ ነው፣ እሷ ታናግራቸዋለች፣ ባሏ ራሱን ይነቀንቃል። ቦዩ በዚያ ትዝታ ውስጥ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም።

የግብርና ባለሙያዋን ሞተር ሳይክሏን አስቁማ መንገድ ላይ ያዘቻት። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ወርዳ አዳመጠቻት፤ ጓሮም ድረስ መጥታ አየች።

«እማማ፣ ሞቃት ውሃ አጠገብ ያለ ማሳ ከውርጭ ሊተርፍ ይችላል።»

«እንግዲያው ውሃው ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ግን መደብዎ ተዳፋት ላይ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል። እሱም ይረዳል። አፈርዎም በደንብ የተያዘ ነው። ችግኝ ሲጠነክር ብርድ ይችላል።»

«እንግዲያው እጄ ነው።»

«እሱም ሊሆን ይችላል። የዘንድሮው ውርጭ ደግሞ ከሁሉም ዓመት የከፋ ነው።»

«ታዲያ የቱ ነው፣ ልጄ?»

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይመስለኛል።»

«ምነው፣ እሱንማ ሐሜተኞቹም ነገሩኝ!» አለች ጀነራሏ። ልጅቷ ሳቀች፤ ጀነራሏ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ፋብሪካው ወጣች። ምን ልትል እንደምትሄድ አልቆረጠችም። ዘበኛው ከሩቅ ሲያያት በሩን ቆለፈ፤ ብቻዋን መሆኗን ሲያይ ደግሞ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ጦሩስ?»

«ጦር የለም። አለቃህን ጥራልኝ።»

«ለፀብ ነው ለሰላም?»

«እኔስ መች ዐወቅኩት!» አለች። እውነቷን ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እየተጣደፈ መጣ። «እናቴ፣ ምን አጠፋን? ቱቦው አፈሰሰ?»

«አላፈሰሰም።»

«ጉድጓዱ ሸተተ?»

«ጉድጓዱማ ጠርቷል፤ ተመስገን።»

ትንፋሹን ለቀቀና ፊቱ በራ። ልታመሰግነው የመጣች መሰለው። ክንዷን ደግፎ በልጣጭ ክምሩና በድንች ማጠቢያው ጎን አሳልፎ ወደ ኩሬው ወሰዳት። ማሽኑ ያንጓጓል፤ እርጥብ የጎማ ቦት ያደረጉ ሴቶች ድንች እየለቀሙ ቀና ብለው አዩዋት። ኩሬው በጠዋቱ ብርድ ነጭ እንፋሎት ይተፋል። ዳሩ ላይ ማንም ያልዘራው ሣር ለምልሞ ጉልበት ደርሷል። ጀነራሏ ሣሩን በመዳፏ ደባበሰችው። ተንበረከከችና እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ያህል ለብ ያለ ነው።

«አይጨነቁ» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ወደ እናንተ አትመጣም። ቃሌ ነው።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም!»

«ትንሽ እንኳ?»

«እናቴ፣ ይመኑኝ እንጂ!»

ፓምፑ ጋ የቆመው አማቿ ፊቱን አዙሮ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ትከሻው በታፈነ ሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየችው። የመጣችበትን ሳትናገር «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። በሩ ድረስ ሄደች። ዘበኛው ሲከፍትላት ድንገት ዞረችና ሮጥ ሮጥ እያለች ተመለሰች፤ ሥራ አስኪያጁም ገና ከኩሬው ዳር አልተንቀሳቀሰም ነበር።

«ችግኜ ተቃጠለ» አለችው። «ውሃው ነበር የሚያሞቀው ይሉኛል። እጄ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አላውቅም።»

ሰውዬው ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ማለት… ውሃው እንዲመለስ ይፈልጋሉ?»

«አላልኩም።»

«እንዳይመለስስ?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ባይሆን» አለች ቀጥላ፣ «እኔ ጋ አሙቆ አዋላጇ ጋ ሳይደርስ የሚመለስበት መላ የለም?» አማቿ ራሱን ነቀነቀ፤ መሬቱ ቁልቁል ነው፣ ውሃው እሷን ካለፈ ማረፊያው ረባዳው ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን ወደ ሱሪው መለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ይሄ ኩሬ እየጠበበን ነው። ቦዩን ብከፍተው እኔ ይቀለኛል። እርስዎ እሺ ካሉ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ሰዉ የሚሰማው እርስዎን ነው። ዛሬውኑ ይከፈታል።»

ይህንን አልጠበቀችም። እምቢ እንዲላት፣ እንዲሟገታት፣ እሷም እንድትጮኽበት ነበር የጠበቀችው። ሰው ቁልፉን አንስቶ እጇ ላይ ሲያስቀምጥላት ምን እንደሚደረግ አታውቅም። «እስቲ ላስብ» አለችና እግሯን እየጎተተች ወረደች።

አዋላጇን ያገኘቻት ደጇ ላይ ጨርቅ ስታጥብ ነው፤ በጠራ ውሃ። ጀነራሏ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከእንፋሎቱ እስከ ሥራ አስኪያጁ ቃል። አዋላጇ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ። «ኩባያ ቀድተሽ ይጠጡ ያልሽውን ሰውዬ! ውይ በሞትኩት!» ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቷ ጠፋ።

«ይከፈት ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

«አላውቅም።»

«አይከፈት እንድልሽ ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቂያለሽ አንቺ ሴት?»

«እጄ ነው ብዬ ነበር» አለች ጀነራሏ መዳፏን እያየች። «ዕድሜዬን ሙሉ።»

አዋላጇ ጨርቁን ጨምቃ ገመድ ላይ ዘረጋችው። ጀርባዋን እንደሰጠች ተናገረች። «እኔን ጠይቂኝ እንግዲህ። ልጁ ደህና ሲወጣ እጇ ነው ይሉኛል። የሞተ ለታ ማንም ምንም አይለኝም፤ እኔው ብቻዬን ስብሰለሰል እከርማለሁ። የቱ የእኔ እንደሆነ የቱ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሲጠሩኝ ግን እሄዳለሁ።»

ጀነራሏ ይህ ማጽናኛ ይሁን ወቀሳ አልገባትም። ልትጠይቅ ስትል አዋላጇ ዞረችና ጣቷን ቀሰረችባት።

«ውሃውን ብታስከፍቺው ግን አኮርፍሻለሁ። እስክሞት። ይሄን ዕወቂ።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት?»

«ዐወቅኩ ማለት ነዋ!»

አማቿ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ በደጇ ያልፋል። «እማማ፣ አለቃዬ ‹ምን አሉ?› ይላል።» «እያሰብኩ ነው በለው።» አሰበች። በሐሳቧ ቦዩን ስትከፍተው የአዋላጇን እጅ ታያለች፤ ስትዘጋው ጥቁር መደቦቿን። በዚህ መካከል ጎረቤቶቿ ወሬውን ሰሙ። በር ላይ ከኋላዋ ቆመው የጮኹት ሴቶች ራሳቸው «የመንደሩ ሁሉ ችግኝ ይሻላል ወይስ የአንድ ሰው ጉድጓድ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ በጆሮዋ ሰማች። አንዷማ ፊት ለፊት «አንቺ ያመጣሽብን ነው» አለቻት። ጀነራሏ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳት ትተፋ ነበር፤ አሁን ግን ሴትዮዋ ልክ ትሁን አትሁን ስታመዛዝን መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለፈ።

አንድ ቀን አማቿ ገና ሳይጠይቃት «አይከፈት በለው» አለችው። ለምን እንዳለች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ስለ ጓደኛዋ ይሆናል። ወይ ደግሞ ቦዩ ተከፍቶ ችግኙ ቢተርፍ ነገሩ ቁርጥ ይሆናልና፣ ያንን ቁርጥ ፈርታ ይሆናል። አማቿ ግን ትከሻው ቀለለው፤ «የበየድኩትን ላፈርሰው አልወድም ነበር» ብሎ ሳማትና ሄደ።

መደቦቹ ባዶ ሆነው ከረሙ። አንድ ቀን ባሏ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጎርሶም ሳይጨርስ «ነጭ ሽንኩርት» አለ።

«ምን?»

«ነጭ ሽንኩርት ውርጭ አይፈራም። ማዶ ያሉት ሽማግሌ ይተክላሉ።»

ነጭ ሽንኩርት ተክላ አታውቅም። ስታስበው እንኳ አፈረች፤ በዚህ ዕድሜዋ ልትማር። የሆነው ሆኖ ጉብታውን ተሻግራ ሄደች። ሽማግሌው የነጭ ሽንኩርቱን ፍሬ እየፈለቀቁ ተቀምጠው ነበር። «አንቺ ነሽ ጀነራሏ?» አሏት።

«ይሉኛል።»

«ያዢ እንግዲህ። ሾጣጣው ወደ ላይ ነው።»

አንዷን ፍሬ ተቀብላ አገላበጠቻት። ሁለቱም ጫፍ ሾጣጣ መሰላት። «የቱ?» አለች። ሽማግሌው ጣቷን ይዘው አሳዩዋት፤ እዚያው ተክላ ስትሞክር ግን እንደገና ጠፋባት፤ እንደገናም ጠየቀች። እሳቸውም ሳይሰለቹ አሳዩዋት። ዘር ቋጥረው ሰጥተው ሸኟት።

እሷና ባሏ ተያይዘው ተከሉት። አንዳንዱ ተገልብጦ ተተክሎ ኖሮ ጎብጦ ወጣ፤ አንዳንዱ ቀጥ አለ፤ አንድ መደብ ጨርሶ አልበቀለም፤ ለምን እንደሆነ ሽማግሌውም አላወቁትም። ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ጠዋት ወጥታ አየችው። ቅጠሎቹ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ባሏን ጠራችው፤ ጎን ለጎን ቆመው ፀሐይዋን ጠበቁ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ውርጩ ቀለጠ፤ ከሥሩ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ብቅ አለ።

ጀነራሏ እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ ቆየች። መደሰት እንዳለባት ታውቃለች፤ በምን እንደምትደሰት ግን አልገባትም። ሽማግሌውን ታመስግን? ባሏን? ተክሉን? ወይስ ፈጣሪን?

«ምን ታስቢያለሽ?» አላት ባሏ።

«እንጃ» አለች። «አሁን ይኮተኮታል ወይስ ይተዋል?»

«እኔም እንጃ።»

ሻሿን አጠበቀችና ማዶ ሄዳ ሽማግሌውን ልትጠይቅ ወጣች።